ጩምቦ ያገደው ፍርድ

ፍርድ ቤቱ የስፌት ማሽኑ የእኔ መሆኑን ሲወስን ዳኛው ፊት እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ምን ያደርጋል! የፈታሁት ባሌ ማሽኑን ጭኖ ኡኬ ከተማ እናቱ ቤት አስቀመጠና ስልኩን ዘጋ። እኔ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር በተከራየኋት ጠባብ ሱቅ ተቀምጬ፣ ደንበኞቼ ለፋሲካ ያዘዙትን ቀሚስ በእጅ መርፌ መስፋት ያዝኩ። ግማሾቹ ጨርቃቸውን መልሰው ወሰዱ። ማሽኑ ካልመጣ ሱቁን መዝጋቴ ነበር።

የአፈጻጸም መዝገብ ከፈትኩ። ፍርዱን እንዲያስፈጽም ከፍርድ ቤቱ የተላከው ሠራተኛ ከፖሊስ ጋር ኡኬ ሄዶ በባዶ እጁ ተመለሰ። በባዶ ሆዱ ግን አልነበረም። አማቴ ቤታቸው የገባን ሰው ሳይበላ ስለ ጉዳዩ አያናግሩትም። የሚያቀርቡት ደግሞ ጩምቦ ነው፤ በቅቤ የራሰ፣ ወፍራም፣ ሽታው ጎረቤት የሚጠራ ቂጣ። በእኛ አገር እንዲህ ካበሉት ቤት እቃ ጎትቶ የወጣ ሰው መንደር ለመንደር ይወራበታል።

«እህቴ፣ ቅቤያቸው ከእጄ ሳይደርቅ እንዴት ብዬ ማሽን ላንሳ?» አለኝ ሠራተኛው።

ድጋሚ ሄደ፤ ድጋሚ በላ። ይባስ ብሎ አማቴ ለእኔም በኮባ ጠቅልለው ላኩልኝ። ተናድጄ በላሁት። ምን ላድርግ፣ የእሳቸው ጩምቦ ነዋ!

ሁዳዴ ሲገባ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እዚያው ቢሮ፣ ቤተሰቦቹ ከጎጃም የመጡ፣ ጾም የማይሽር ሌላ ሠራተኛ አለ። አለቃቸው ዘንድ ገብቼ እሱ እንዲላክልኝ ለመንኩ።

«ለምን እሱን?»

«ቅቤ ስለማይበላ።»

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ፤ ሰውየው ግን ተመደበልኝ።

በዚያን ቀን እኔም አብሬ ሄድኩ። አማቴ «ኮታ፣ ኮታ! ኑ፣ ግቡ!» እያሉ አስቀመጡንና ጩምቦውን አቀረቡ። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፤ ጴንጤ ቤት ሁዳዴን ማን ያስታውሳል? ሠራተኛው እጁን ሰበሰበ።

«እናቴ፣ ጾም ላይ ነኝ።»

«ቅቤው እኮ ትንሽ ነው!» አሉ። ቅቤው መሀሉ ላይ ኩሬ ሠርቷል። አብሮን የመጣው ፖሊስ ምራቁን ዋጠ፤ ሠራተኛው ሳይበላ እሱ እንዴት ይብላ? ሠራተኛው ትእዛዙን አነበበ፤ ማሽኑ ወጥቶ መኪና ላይ ተጫነ። በደስታ ልበር ደረስኩ።

ልወጣ ስል አማቴ እጄን ያዙ።

«ኢንታላ ኮ፣» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ድሮም የሚጠሩኝ እንዲህ ነበር። «ማሽኑ እዚህ ካለ አንድ ቀን ራስሽ ትመጫለሽ ብዬ ነው የሚላከውን ሰው ሁሉ የማበላው።»

«አዮ፣ እናቴ፣ ተፋተናል እኮ።»

«ከልጄ ፍርድ ቤት አፋታሽ። ከእኔስ ማን አፋታሽ?»

ለልጃቸው ያዘጋጀሁት ስድብ ሞልቶኝ ነበር፤ ለእሳቸው ግን አይሆንም። ተመልሼ ተቀመጥኩና ጩምቦውን ቆረስኩ።

ሠራተኛው ከውጭ፣ «እህቴ፣ አንቺንም በትእዛዝ ላስወጣሽ እንዴ?» ብሎ ተጣራ።

አፌ ሙሉ ስለነበር አልመለስኩለትም። አማቴ ቅቤ ጨመሩልኝ።