የምስጋናው ፈርጅ

የረጠበ የበግ ሱፍ ሽታ በሸተተኝ ቁጥር የያዝሁትን አስቀምጬ እቆማለሁ። በቀደም ሰቆጣ ገበያ ዝናብ አባሮን ከአንድ ሽማግሌ ጋር ጥግ ይዘን ስንጠለል፣ ከለበሱት የሱፍ ባና ያ ሽታ ተነሣና ጋዝጊብላ፣ አባቴ ቤት ድረስ ወሰደኝ።

አባቴ የሱፍ ምንጣፍ ሸማኔ ነበር። ክረምቱ አልፎ መሬቱ ሲጠነክር በጎቹን ይሸልት ነበር፤ ሱፉን ምንጭ ወርደን አጥበን ካሰጣነው በኋላ እሱ በደጋን እየነደፈ፣ እናቴ እየፈተለች፣ ቤቱ ጉም የገባበት ይመስል ነበር። «ይህ በግ ከኔ የተሻለ ካባ ለብሶ ነው የከረመው» ይል ነበር አባቴ። እናቴም «ጠባዩም ካንተ ይሻላል» ትለው ነበር።

በጋ ሲገባ ይሸምን ነበር። የሚሸመነው ጨርቅ ጠባብ ስለሆነ፣ አንድ ምንጣፍ የሚወጣው ብዙ ፈርጅ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው። የቤታችንን ምንጣፍ አያቴ ለአባቴ ሠርግ የሸመነው ሲሆን፣ በኛ ቤት ልማድ ልጅ ሲወለድ እናት በአራስነቷ ከፈተለችው ሱፍ አንድ ፈርጅ ተሠርቶ በጠርዙ ይጨመር ነበር። በቀኝ በኩል የኔ፣ በግራ በኩል የታናሽ ወንድሜ የምስጋናው ነበር፤ ሁለቱም ቡናማ ስለነበሩ በዓይን አይለዩም። ምስጋናው መራመድ ሳይጀምር በትኩሳት ሞተብን። ፎቶ አልነበረንም፣ ልብሱም አብሮት ተቀበረ። ከዚያ ወዲያ እናቴ በግራ በኩል ተኝታ፣ እጇን በዚያ ፈርጅ ላይ አሳርፋ ታድር ነበር።

ዝናቡ የቀረበት ዓመት መጣና ጎተራችን ባዶ ሆነ። የቆዩ የእጅ ሥራ ምንጣፎችን ለውጭ አገር ሰብሳቢዎች የሚገዛ ሰው በመኪና መጥቶ ምንጣፋችንን ወደደው። እናቴ «ምንጣፉን ይውሰዱ፣ ልጆቼን ግን አልሸጥም» አለችው።

«እኔ ምንጣፍ እንጂ ልጅ መች ጠየቅሁ፣ እናቴ?» ብሎ ሳቀ። አባቴ ነገሩን ሲያስረዳው ሳቁን ተወና፣ ሁለቱም ጠርዝ ከተነሣ ምንጣፉ እንደሚጠብ፣ አንዱን ግን እንደሚተውልን ነገረን።

እናቴ ብዙም አላሰበችም። «እንግዲያ የዚህችኛዋ ይሂድ። እሷ አለች፣ ሌላ እፈትልላታለሁ» አለች። ወደኔ ዞራም «ያንቺ ጣት ቀጭን ነው። የግራውን ፍቺልኝ፣ ሱፉን እንዳትቆርጪው» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

እኔም ምላጩ የምንጣፉን ፊት እንዳይነካው ፈርቼ፣ ስፌቱም የሚታየው በጀርባው ስለነበር፣ ምንጣፉን ገልብጬ በግራዬ ያገኘሁትን ጠርዝ ክር በክር ፈታሁት። ሲገለበጥ ግራው ቀኝ እንደሚሆን አልታሰበኝም።

መኪናው ከሄደ በኋላ እናቴ ፈርጁን ተቀብላ ዳሰሰችው። ምስጋናውን ስትወልድ ታማ ስለነበር የዚያን ጊዜ ክሯ ወፍራምና ጎርባጣ ነበር፤ በእጇ ያለው ግን ልስልስ ያለ ነው። አባቴ ሰቆጣ ድረስ በእግሩ ሄደ፣ መኪናው ግን አልፏል። እሷ አልተቆጣችኝም። ፈርጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ «ያንቺ ነው ልጄ፣ ይሙቅሽ» አለችኝ። እስክትሞት ድረስ ነገሩን ዳግመኛ አላነሣችውም። ምነው በመታችኝ እላለሁ።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ። ልጆቼ «እማዬ፣ ሁሉን ነገር ሁለቴ ታገላብጫለሽ» እያሉ ይስቁብኛል። አንደኛው በስልኩ፣ በሰው አገር ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ የድሮ ምንጣፎችን ሲያሳየኝ ዓይኔ ቀድሞ ወደ ጠርዛቸው ይሄዳል፤ ግን ክር በምስል አይዳሰስም። ያኔ መሬት ላይ፣ ባንድ ምንጣፍ ተጠጋግተን ብርዱን እንችለው ነበር። አሁን ፍራሽ አለኝ፣ አይበርደኝም። የኔ ፈርጅም ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ አለ፣ እኔም አለሁ፤ እናቴ እንዲቀርላት የፈለገችው ግን ያኛው ነበር።