ከቦምቤይ የተመለሰው ስድብ

የዛንዚባሯ ቢ ዙዌና፣ ወይዘሮ ዙዌና እንደማለት ነው፣ አንደበተ ስል ነበረች። ሴቶቹ በሚያገለድሙት ካንጋ ላይ የሚታተመውን ተረትና ሽሙጥ ለባለሱቁ ለጄታላል የምትሰጠው እሷ ናት። እሱ ወደ ቦምቤይ ይልከዋል፤ ከወራት በኋላ ቃሏ በጨርቅ ታትሞ በመርከብ ይመለሳል። "እኔ ያላየሁትን አገር ቃሌ አይቶታል" እያለች ትኩራራ ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ቢ ምቱምዋ፣ ልጅ ያልወለደችው፣ "ኧረ እህቴ፣ ሕፃን ልጅሽን እንዲህ አታስለቅሺው" አለቻት። ጥፋቷ ይኸው ብቻ ነው። ዙዌና ቱግ ብላ ሱቅ ሄደችና "ማህፀኗ ባዶ፣ ምላሷ ሙሉ" የሚል አስጻፈች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ዝናቡ ሲገባ ዙዌና በወባ ወደቀች። ባሏ ባሕር ላይ ነበር። ምቱምዋ ሦስት ሳምንት ሙሉ የሩዝ ሙቅ በኮኮናት ወተት እያፈላች አጠጣቻት፤ ሕፃኑንም አዝላ ከረመች። ዙዌና እግሯ እንደጸና ሱቅ ሮጠች።

"ጄታላል፣ ያቺን ቃል አስቀርልኝ!"

"ታትሞ መርከብ ላይ ነው፣ ቢ ዙዌና። ከቻልሽ ባሕሩን ለምኚው።"

ጨርቁ ደረሰ፤ በሁለት ቀን ተሸጦ አለቀ። ማን እንደጻፈው፣ ለማን እንደሆነም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከምቱምዋ በቀር። ካንጋ ሁለት አንድ ዓይነት ጨርቅ ተያይዞ ነው የሚሸጠው፤ እሷም ገና ያልተቆረጠውን ጥንድ ይዛ ዙዌና ዘንድ መጣች፤ ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል።

"ቀለሙ አማረኝና ገዛሁት። ሴቶቹ ግን ሲያዩኝ ይሳሳቃሉ። እስቲ አንብቢልኝ፣ ምን ይላል?"

"ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" ልትል ዙዌና አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አፈረች፤ የራሷን ልጅ ባዘለችላት ሴት ፊት መዋሸት አቃታት። እንዳለ አነበበችላት። "ላንቺ ነው" አለች፤ "የጻፍኩትም እኔ ነኝ።"

ምቱምዋ መቀስ ጠየቀች፤ ጥንዱን ከመሃል ቆርጣ አንዱን ሰጠቻት።

"ነገ በሰፈራችን ላለው ሰርግ አብረን እንለብሰዋለን። ሁለታችንም ከለበስነው ማን ማንን እንደሰደበ ይምታታባቸው።"

"እኔስ? እኔ አውቀው የለ!"

"አንቺማ እወቂው።"

በማግስቱ ጎን ለጎን ሄዱ። ምቱምዋ ቀና ብላ መንገደኛውን ሁሉ ሰላም ትላለች፤ ዙዌና እስከ ሰርጉ ቤት ድረስ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።