ምራቅ ለቃሚዋ ጦይባ

ጦይባ ያሲንን የሰቆጣ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ «ምራቅ ለቃሚዋ» ሲላትም አትቀየምም። የነጋዴ ልጅ ናት። አባቷ ጨርቅ ሲለኩ አጠገባቸው ቁጭ ብላ አደገች፣ ጎንደር ሄዳ ላቦራቶሪ ተማረች፣ ዶክተር ሆና ተመለሰች። እኔ ካሤ ሾፌሯ ነኝ። ደስ ሲለኝ ዶክተር እላታለሁ፤ ስናደድባት ጦይባ።

በኮሮናው ጊዜ ያን አፍንጫ ውስጥ የሚገባ እንጨት ይዛ ገጠር ለገጠር ስትዞር ሽማግሌው ሁሉ ሸሻት። አንዱማ «አንጎሌን ልትነካው ነው» ብሎ በሰባ ዓመቱ አጥር ዘለለ። በሽታው የሚበረታው ደግሞ በእነሱ ላይ ነው፤ አንጀቷ አረረ። ስለዚህ በምራቅ የሚመረምር ፈጣን መሣሪያ ይዛ መጣች። ብልቃጥ ውስጥ ቱፍ ማለት ብቻ ነው።

የወጣቶቹን ጨርሳለች። የቀራት የሠላሳ አረጋውያን ምራቅ ነው፤ መሣሪያዋ ከላቦራቶሪው ትልቅ መመርመሪያ ማሽን ጋር አንድ ዓይነት ውጤት መስጠቷ በእነሱ ካልታየ ለሽማግሌ አይፈቀድላትም። ማሽኑ የውሰት ስለሆነ ነሐሴ ዐሥራ ስምንት ጠዋት ተጭኖ ይሄዳል። ካልደረሰች የሁለት ዓመት ልፋቷን ውኃ በላው።

«ነሐሴ ዐሥራ ስድስት የፍልሰታ ጾም ይፈታል፣ ሽማግሌ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል» ብዬ የመከርኋት እኔ ነኝ፤ አልክድም። በፃግብጂ መንገድ ወዳለች አንዲት ገጠር ሄድን። ቅዳሴው ሲያልቅ አረጋውያኑ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ወጡ።

«ካሤ፣ እያቸው እስቲ። እንዲህ ከበሽታ የሚጠነቀቅ ሰው አላየሁም» አለች።

በዚያ ክፉ ጊዜ መኪናዬ ላይ ድምፅ ማጉያ አስሬ «አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ» እያልሁ የዞርሁት እኔ ነኝ። ልቤ አበጠ። «እኔ ነኝ ያስተማርኋቸው» አልሁ።

ብልቃጡን ስትዘረጋ እማሆይ አመተ ሥላሴ የሚባሉ መነኩሲት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ቆርበናል እኮ። የቆረበ ሰው እስከ ነገ ምራቁን አይተፋም።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። ጦይባ የሙስሊም ልጅ ናት፣ ከየት ታውቀዋለች? ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ግን ከቁርባን ከራቅሁ ስንት ዘመኔ። እሷም አልተቆጣችኝም፤ ብልቃጡን መልሳ ከተተችው።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት እንመለሳለን። ብቻ ከመትፋታችሁ በፊት ምንም እንዳትቀምሱ» ብላቸው ተለያየን።

ሌሊቱን ዝናቡ ሲወርድ አደረ። ጠዋት መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ሞልቶ መኪና አያሻግርም። በላይኛው የእግረኛ ድልድይ ብንዞር ደርሰን ሳንመለስ ቀኑ ያልቃል። ሰቆጣ ላቦራቶሪዋ ገብታ ቁጭ አለች። «ምራቁን የዋጠን ሽማግሌ ምራቅህን ትፋ ማለቱስ ደግ ነበር?» ብዬ ላስቃት ሞከርሁ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን በሩ ላይ የዘንግ ኳኳታ ሰማን። ሠላሳ ሰው፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ። በድልድዩ ዞረው መጥተዋል።

«አንቺ ምራቁን በበረዶ ከምትሸከሚው፣ በአፋችን ይዘንልሽ መጣን» አሉ እማሆይ።

ቱፍ ቢሉ ግን ጠብ አይልም። አባ ይስማው የሚባሉት ሽማግሌ ሦስቴ ሞክረው ብልቃጡን ባዶውን መለሱላት። «አባቴ፣ አመመዎት እንዴ?» አለቻቸው።

«ምን ያመኛል? አትቅመሱ አላልሽንም? እንደ ቁርባኑ መስሎን ከትናንት ማታ ጀምሮ ውኃም አልቀመስን።»

እሷ ልትል የፈለገችው ከመትፋታቸው በፊት ያለውን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር። ልናገር አፌን ስከፍት እግሬን ረገጠችኝ። እንባዋ ጭምብሏ ውስጥ ወረደ። የአምስት ሰዓት መንገድ፣ በጭቃ፣ በባዶ አፍ። ቀስ ብላ ጆሮዬ ላይ «ትኩስ ዳቦ አምጣ» አለችኝ፤ ሮጥሁ።

የዳቦው ሽታ ምራቃቸውን አመጣው። አንድ በአንድ ሞሉ፤ ለሞላው ሁሉ አንዳንድ ዳቦ ሰጠኋቸው። ሃያ ዘጠኝ ሆነ። አባ ይስማው ብቻ ቀሩ።

«የሞላችሁ ብሉ እንጂ» አለች ጦይባ።

«ይስማው ገና ነው» አሉ እማሆይ፣ ዳቦውን በነጠላቸው ሸፍነው።

ሃያ ዘጠኙም ዳቦውን በእጁ እንደያዘ ጠበቀ። አባ ይስማው ሲሞላላቸው ነው አብረው የቀመሱት።