የአሜጃው ጭስ

ከግሽ ዓባይ በላይ፣ ጭጋግ በማይለየው የሰከላ ደጋ፣ ወለተ ሐና በአስታ ነገር ቀልድ አታውቅም ነበር። አስታ እርጥቡም ይነድዳል፤ ክረምት የሚታለፈው በእሱ ነው። ሌላ እንጨት ይዞ ደጇ የደረሰ ሰው እንደተሸከመ ይመለሳል። ባሏም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስንት ጊዜ ተመልሷል።

በሃምሳ ስድስት ዓ.ም. ድረስ የሚባለው አንድ ልጇ ከቡሬ እልፍነሽን አገባ። ልጅቱ ያደገችው ሞቅ ባለ አገር ነው፤ እዚህ ብርዱ አንዘፈዘፋት፣ ጎረቤቱም «የቡሬዋ» እያለ ሳቀባት። ሐምሌ ሲገባ ወለተ ሐና ከመደቡ ሥር የተቋጠረ ጨርቅ አየች፤ የምራቷ ልብስ ነው። ልትሄድ ነው! ወለተ ሐና ልጅቱን ከወደደቻት ሰንብታለች፤ ግን እወድሻለሁ ብሎ መናገር አልለመደባትም።

በማግስቱ እልፍነሽ አንድ ሸክም እንጨት አምጥታ ደስ እያላት አራገፈችው። ከመንደድ ይልቅ የሚጨሰው አሜጃ ነበር። አበባው ረግፎ ስለነበር ከአስታ አልለየችውም። እሳት ልትሞቅ የመጣችው ጎረቤት አቻምየለሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ኧረ ጉድ! የቡሬዋ አሜጃ ተሸክማ መጣች!»

እልፍነሽ አንገቷን ደፋች፤ ዓይኗ ወደ ቋጠሮው ሄደ። ወለተ ሐና ዓይኗን በጨው አጥባ፣

«አሜጃ አምጪ ያልኋት እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ? ከመቼ ወዲህ?»

«ከዛሬ ወዲህ። እሳት ካየው ምን ለየው?»

አለችና አሜጃውን ምድጃው ላይ ቆለለችው። ቤቱ በጭስ ታፈነ። አቻምየለሽ እየሳለች ወጣች፤ አማትና ምራት እንባቸውን እያፈሰሱ ቀሩ።

«እማማ፣ አስታ አይደለም ማለት ነው?»

«አይደለም ልጄ።»

«ታዲያ ስለምን ዋሹልኝ?»

«አንቺ ከቤቴ ከምትጎድዪ ጭስ ቢሞላው ይሻለኛል።»

ሲነጋ ይዛት ወደ ቁጥቋጦው ወጣች። «አበባ ሲኖርማ ማንም ይለየዋል፤ የአሜጃ ቢጫ ነው፣ የአስታ ነጭ። አበባው ሲረግፍ ቅጠሉን በጣትሽ ዳብሺው። አሜጃ ዝርግ ነው፤ አስታ እንደ መርፌ ቀጭን ነው።» እልፍነሽ ዓይኗን ጨፍና ዳበሰች። በሳተች ቁጥር አማቷ እጇን ቸብ ታደርጋታለች።

ከሳምንት በኋላ ብቻዋን ወጥታ ሙሉ ሸክም አስታ አመጣች። ወለተ ሐና እንደ ልማዷ እያገላበጠች ስትዳብስ ከመካከሉ ዝርግ ቅጠል እጇ ገባ።

«ይቺስ? አሜጃ አይደለችም?»

«አውቄ ነው እማማ። እትዬ አቻምየለሽ ሲመጡ እናነድዳታለን ብዬ።»

ወለተ ሐና እስኪያስላት ሳቀች። ጎንበስ ብላ ከመደቡ ሥር አየች፤ ቋጠሮው የለም። ቀና ስትል የልጅቱ ቀሚስ ግድግዳው ላይ፣ ከእሷ ቀሚስ ጎን ተሰቅሏል።