ደብረ ታቦር ያልሄድንበት ቅዳሜ

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ግድም መካነ ኢየሱስ ከተማ አስተማሪ ነበርሁ። ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ቤት ተከራይተን አራት ዓመት ኖረናል። እሱ የቄስ ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ የነገን ለነገ የሚተው። እኔ ደግሞ ነገን አስቀድሜ ደብተር ላይ ካላሰፈርሁት እንቅልፍ አይወስደኝም። ጥር ላይ ወደ ወሎ መዛወሬን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። የቀረኝ ጊዜ ሦስት ሳምንት ነበር።

ከመሄዴ በፊት አንዱን ቅዳሜና እሁድ ደብረ ታቦር ልናሳልፍ ተስማማን። ተስማማን ይባል እንጂ እኔ አቀድሁ፣ እሱ "ደግ" አለ። ጉዳዬ አንድ ነበር፤ ፎቶግራፍ። አራት ዓመት ከአንድ መሶብ ስንበላ አብረን የተነሣነው አንድም ፎቶ የለም፤ እንዲሁ ተለያይተን እንዳንቀር ፈራሁ። ፍርሃቴን ለእሱ አልነገርሁትም። ፀጉራችንን እንስተካከላለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ ሆቴል ገብተን ፓስታ እንበላለን፣ አንሶላ የተነጠፈበት አልጋ ላይ እናድራለን ነው ያልሁት።

እንደ ዕቅዴ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ እህል በሚጭነው መኪና እንወጣለን። ከሹፌሩ ጎን የሚቀመጠው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ስንሄድ እኔ፣ ስንመለስ እሱ። ለሁለት ያለን አንድ ኮትና አንድ ክራቫት ነው፤ ኮቱ የእሱ ነው፣ ክራቫቱ የእኔ፤ ፎቶ ቤት ስንደርስ ማን ምን ያድርግ የሚለው ሁለት ቀን አከራከረን። በኋላ ኮቱን እኔ፣ ክራቫቱን እሱ እንዲያደርግ ወሰንሁ።

"ክራቫት በጋቢ ላይ?" አለኝ።

"ጋቢህን ታወልቃለህ።"

"ብርዱንስ?"

"ብርዱ ፎቶ ላይ አይወጣም።"

ሳቀ። እሱን ማሳቅ ቀላል ነበር፤ ማስቸኰል ነው የሚያቅተኝ።

ሁለታችንም የደብሩ ሰንበቴ ማኅበርተኞች ነን። በየእሁዱ ከቅዳሴ በኋላ ባለተራው ዳቦና ጠላ ያቀርባል፤ ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ ሙሴው፣ የማኅበሩ አለቃ ማለት ነው፣ ጽዋውን ለመጪው እሁድ ባለተራ ያስረክባል። ጽዋ የተቀበለ ሰው ሳምንቱን ሲደግስ ይሰነብታል እንጂ መንገድ አይወጣም። ጉዟችን ለታሰበበት እሁድ ጽዋውን የሚቀበሉት አንድ ገበሬ ነበሩ። እናታቸው ሐሙስ ዕለት አረፉና ልቅሶ ተቀመጡ። ሞትን ደብተሬ ላይ አላሰፈርሁትም ነበር።

ልንሄድ ስድስት ቀን ሲቀረን፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሙሴው ጽዋውን ይዘው ቆሙ።

"ወንድማችን ሐዘን ላይ ናቸው። እስቲ ይችን የሚቀበለኝ ማነው?"

እጁን የዘረጋ አልነበረም። ወቅቱ የውቂያ ነው፤ የሰው ልብ ሁሉ አውድማ ላይ ነው። እኔ አንገቴን ደፍቼ የነጠላዬን ጫፍ እቋጭ ነበር። ቀና ስል የባልደረባዬን ጀርባ አየሁ። ቆሞ ጽዋውን በሁለት እጁ ተቀብሏል።

ወደ ቤት ስንመለስ "ምን ነካህ?" አልሁት።

"ጽዋ ተቀባይ አጥቶ አያድርም።"

"ቅዳሜስ?"

"ደብረ ታቦር እንደሆነ አይሸሽ።"

"እኔስ?"

ጋቢውን አስተካክሎ ፊት ፊት ሄደ። ተናደድሁ፤ ንዴቴን መደበቅም አልችልበትም። ሁለት ቀን አላነጋገርሁትም። ነገር ግን ሚስት የሌለው ሰው ለሰንበቴ ሲደግስ ዳር ቆሞ ማየት ነውር ነው። ለልጃቸው ሠርግ የጠመቁ ጎረቤታችን ከጠላቸው ቀንሰው ሰጡን፤ ዳቦውንም እሳቸው ሊጋግሩልን ቃል ገቡ። ስንዴውን ወፍጮ ያደረስሁት እኔ ነኝ፣ ኩርፊያዬን እንደያዝሁ። ቅዳሜ መኪናው ሲያልፍ እንስራውን እየተቀባበልን ወደ ሰንበቴው ቤት ስንወጣ ነበር። ዳር ይዘን አሳለፍነው። ከሹፌሩ ጎን አንድ የማላውቀው ሰው ተቀምጧል።

ሌላ ቅዳሜ አልተገኘም። የመጨረሻው ለፈተና ወረቀት እርማትና ለዕቃ ማሰሪያ ሄደ። በምሄድበት ቀን እስከ መኪናው ሸኘኝ። ኩርፊያው አልፎ ነበር፤ ቍጭቱ ግን አላለፈም።

"ያን እሁድ ጽዋ ልትቀበል ባትነሣ ኖሮ አሁን አንድ ፎቶ ይኖረን ነበር" አልሁት።

ሣጥኔን ከትከሻው አወረደ።

"ባለተራው ሲቀር የሚቀጥለው ይቀበላል። የሚቀጥለው አንተ ነበርህ። ሙሴው አንተን አንተን ሲያዩ ሰው ሁሉ ያይ ነበር። አራት ዓመት ከኖርህበት አገር 'ጽዋ ገፍቶ ሄደ' ተብለህ እንድትወጣ አልፈለግሁም።"

ደንቡን አላውቅም ነበር ብዬ ልጽፍ እችል ነበር። አውቀው ነበር። የነጠላዬ ጫፍም ያን ቀን የሚቋጭ ነገር አልነበረውም። አፈርሁ፤ ያለችኝን አንዲት ክራቫት አውጥቼ ሰጠሁት። አጣጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታት።

ከዚያ ወዲያ አልተገናኘንም። ማረፉን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ልጆቼ ስለ እሱ ሳወራ ምን ይመስል እንደነበር ይጠይቁኛል። ቁመቱን እነግራቸዋለሁ፤ ኮቱንና ሳቁን እነግራቸዋለሁ። ስለ እኔ ብሎ ጽዋውን ሲቀበል ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር ግን አላውቅም። አንገቴን ደፍቼ ነበር።