ዛሬስ ፀሐይ ሁለት ወጣች

ዛሬ ከሐኪም ክፍል ተባረርሁ። የታመምሁት እኔ አይደለሁም፤ አስታማሚ ሆኜ ሄጄ ነው። በሰባ ስምንት ዓመቴ፣ ከዘራ ይዤ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ "አባባ፣ እስቲ ውጭ ይጠብቁን" ተባልሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ ትናንት በትምህርት ቤታቸው የእግር ኳስ ግጥሚያ ላይ ከሌላ ልጅ ጋር ግንባር ለግንባር ተጋጭታ ወደቀች። ወዲያው ብድግ ብላ "ምንም አልሆንኩም" ብትልም አሰልጣኟ አስወጥታ አስቀመጠቻት። ዛሬ ጠዋት እዚሁ ማርቆስ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድኋት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ገና ስንገባ አምስት ቃል ሰጠቻት፦ በር፣ ብርቱካን፣ ጋቢ፣ ድልድይ፣ ወፍ። "ያዣቸው፣ ኋላ እጠይቅሻለሁ" አለቻት። ከዚያ በአንድ እግሯ አቆመቻት፤ ወራቱንም ከጳጉሜን ጀምራ ወደ ኋላ እንድትቆጥር አደረገቻት። እኔም በሆዴ አብሬ ጀምሬ ሰኔ ላይ ጠፋሁ፤ ጭንቅላቴን የመታኝ ሰው ሳይኖር።

"በይ፣ ቃላቱን ንገሪኝ" አለቻት ኋላ።

"በር... ብርቱካን... ድልድይ... ወፍ..." ልጅቱ ቆመች። ጣሪያ ጣሪያውን አየች። እኔ ከሐኪሟ ጀርባ ተቀምጬ የጋቢዬን ጫፍ አነሣሁና አወዛወዝሁላት።

"ጋቢ" አለች ፈጥና።

ሐኪሟ ዞር ብላ እጄን አየር ላይ አገኘችው። "አባባ፣ እኔ እኮ እንድታልፍ አይደለም የምጠይቃት፤ የጎደለባት ነገር ካለ እንዳውቅ ነው" አለችኝ። ሳትቆጣ ነው ያለችው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ የአልኮል ሽታ አለ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ወለሉን ሳይ፣ በመስኮቱ ሁለት መስታወት የገባው የጠዋት ብርሃን ሲሚንቶው ላይ ሁለት ቦታ ተኝቷል። ሁለት ፀሐይ ወለል ላይ። እንደዚያ አቀርቅሬ ቀረሁ።

ያኔ ደብረ ወርቅ አካባቢ የቅኔ ተማሪዎች ነበርን፤ እኔ አሥራ ዘጠኝ፣ ጓደኛዬ አሥራ ሰባት። ቅኔ ቤት ሌላውን ሁሉ ይቅር ይልሃል፤ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ፈጥረህ ለየኔታ ካላቀረብህ ግን ተማሪ አይደለህም። የትናንቱ ለዛሬ አይሆንም። እኔ ቀኑን ሙሉ አምጬ የምወልዳት ቅኔ ሁልጊዜ አንድ እግሯ ሽባ ነበረች። እሱ ግን እንጨት ሲለቅም የጀመራትን ሸክሙን ሳያስር ይጨርሳታል። የኔታ "ወንበሬን የሚወርስ ይህ ነው" ይሉ ነበር፤ እኔን አሻግረው እሱን እያዩ።

የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ከደብሩ በታች ባለው ሜዳ ላይ ሰፈር ለሰፈር ተከፍለን ገና እንጫወት ነበር፤ ያ በቆልማማ ዱላ ሩሯን፣ የእንጨቷን ኳስ፣ የምንለጋው ጨዋታ። የተረገጠ ሣርና የጠላ ሽታ ነበር ሜዳው። አንዱ በኃይል የለጋት ሩር የጓደኛዬን ጆሮ ግንድ አገኘችው። ድምፁ አሁንም አለኝ፤ ደረቅ ቅል በድንጋይ እንደ መምታት። ተቀመጠ። ደም የለም። እኛ ደግሞ የምናውቀው ቁስል የሚደማውን ብቻ ነው።

የወገናችን አለቃ እኔ ነበርሁ። ማን እንደ ሾመኝ እንጃ፤ ድምፄ ትልቅ ስለነበር ይሆናል። በአንድ ግብ እየተመራን ነው፤ ያለ እሱ ደግሞ አንችልም። ስለዚህ መረመርሁት። አዎ፣ እኔም በጊዜዬ ሐኪም ነበርሁ።

"የዘወትር ጸሎትህን በል" አልሁት።

እንደ ውኃ ወረደለት፤ አንዲት ቃል አልገደፈም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጠዋት ማታ የሚለውን ነገር ነው የጠየቅሁት። ከዚያ ቀና ብሎ ዐይኑን ጨፈን፣ ገለጥ አደረገና ቀስ ብሎ "ዛሬስ ፀሐይ ሁለት ወጣች" አለ።

ልብ በልልኝ። የጌታ ልደት ነው ቀኑ። ተናጋሪው ደግሞ የቅኔ ቤቱ ኩራት ነው። ሰሙ የሰማይዋ ፀሐይ፣ ወርቁ የተወለደው ጌታ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከወደቀበት ተቀምጦ ማን ይናገራል? "ይበል! ይበል!" እያልን ሜዳውን አደበላለቅነው። አንዱ ተማሪማ ጀርባውን መታ መታ አደረገለት።

እሱ ግን ቅኔ አልተቀኘም። ያየውን ነው የነገረን። ሁለት ሆና ታይታው ነበር።

"ራሴን..." አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ባለቅኔ ራሱን ካላመመው ምኑን ባለቅኔ ሆነ! ተነሥ፣ ዱላህን ያዝ" አልሁት። ተሳቀ። እሱም ሳቀና ገባ። ብዙም ሳይቆይ ከአንድ ወጠምሻ ጋር ተላትሞ ወደቀ። ሁለተኛ ሲወድቅ እጁን እንኳ አልዘረጋም።

በአራተኛው ቀን ነቃ። ሁላችንንም በስማችን ጠራን። የጥንቱን ዜማ፣ የጥንቱን ጸሎት አንዱንም አልሳተም። ቅኔ ሲሆን ግን የመጀመሪያውን ስንኝ ይጀምርና ሁለተኛው ጋ ሲደርስ መጀመሪያው ጠፍቶት አፌን አፌን ያየኛል። ከዚያች ቀን ወዲህ የገባ ነገር አልያዘም። የኔታ እስከ ፋሲካ "አይዞህ፣ ድካም ነው" አሉት። ከፋሲካ በኋላ ዝም አሉ።

አምስት ቃል። ያን ጊዜ አምስት አዲስ ቃል ሰጥቼው ትንሽ ብጠብቅ ኖሮ። ወይም፣ ቃሉም ቢቀር፣ ዝም ብዬ እንዲቀመጥ ብተወው።

ወደ ቤተሰቦቹ አገር፣ ወደ አምበር ያደረስሁት እኔ ነኝ። መንገዱን ሁሉ "ወዴት ነው የምንሄደው?" እያለ ጠየቀኝ፤ እኔም እንደ አዲስ እመልስለት ነበር። እናቱ አልቅሰው ሲያበቁ፣ ትንሿ እኅቱ ቀሚሳቸውን ይዛ ቆማ ሳለች፣ "ከመጀመሪያው ምት በኋላ ማን ወደ ጨዋታው መለሰው?" አሉኝ።

"ተቀመጥ ብንለው እምቢ ብሎ ነው" አልሁ።

የክሊኒኩ በር ተከፈተና የልጅ ልጄ አኩርፋ ወጣች። ሐኪሟ እስክትፈቅድላት ኳስ የለም፤ ሌላ ቀን በሌላ ቃል እንደገና ትጠየቃለች፤ እኔ ሳልኖር። "አንተ ነህ ያስያዝከኝ" አለችኝ። ኩርፊያዋን ወደድሁት።

ጓደኛዬ አለ። እናቱ ካረፉ ወዲህ ያች እኅቱ ናት የያዘችው፤ ራሷም አርጅታለች። ባለፈው በሚኒባስ ሄጄ ሳያቸው እንደ ልማዷ "ምን ይደረግ አያ፣ የገዛ ግትርነቱ ነው። ተቀመጥ ሲሉት ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬ መሪጌታ ነበር" አለችኝ። እሱ አንገቱን እየነቀነቀ "እውነቷን ነው፣ ግትር ነበርሁ" አለ። ምንም አያስታውስም፤ ስትለው ስለኖረች አምኗታል።

ጠላ ልትቀዳ ጓዳ ስትገባ ወደ ጆሮው ጠጋ አልሁ። "የመለስሁህ እኔ ነኝ።"

አሰብ አደረገና ሳቀ። ጉልበቴን መታ አድርጎ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" አለኝ። እሷ ጠላውን ይዛ ስትመለስ ረስቶታል።

ስንት ጊዜ እንደ ነገርሁት አላውቅም። በነገርሁት ቁጥር ይምረኛል፤ በማረኝ ቁጥር ይረሳዋል። እንዲህ ያለ የንስሐ አባት ማን አግኝቶ ያውቃል። የማትረሳው እሷ ናት። ዕዳዬም ለእሷ ነው፤ እሷ ጓዳ ስትገባ የምናገራት፣ ስትመለስ በጠላ የማወራርዳት አንዲት ቃል።