ያልተከፈተው የሹፌሩ ሻንጣ

የእንግሊዝኛ መምህሯን ተማሪዎቿ «ሚስ ሜይቢ»፣ ወይዘሪት ምናልባት፣ ይሏታል። ሰምታ ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም። የምታስተምረው አዋቂዎችን ነው፤ ጥበቃው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ጸሐፊዋ፣ ሁሉም ከሥራ መልስ እያዛጉ ይመጣሉ። እንቅልፋቸውን የምታባርርበት ዘዴ አላት። በጨርቅ ከረጢት ዕቃ ደብቃ ታዞራለች፣ እነሱ ከላይ እየዳሰሱ በእንግሊዝኛ ይገምታሉ። ለደካማ ግምት «ማይት»፣ ሊሆን ይችላል፤ እጅ እርግጠኛ ሲሆን «መስት»፣ መሆን አለበት። በመጨረሻ ከረጢቱ ይፈታና ክፍሉ በሳቅ ይሞላል።

ቤት ውስጥ ግን ሳቅ የለም። የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው ወንድሟ ድምፁ ከጠፋ ሰነባብቷል። እናቷ፣ «በቁልፉ ይገባል» እያሉ የበሩን የውስጥ መቀርቀሪያ አይዘጉም። በቁልፉ ክር አስገብተው አንገቱ ላይ ያሰሩለት እሳቸው ናቸው፤ ሲታጠብም ሲተኛም አያወልቀውም።

በቀደም አንድ ባልደረባው የወንድሟን የሸራ ሻንጣ ይዞ መጣ። ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «እሱን እየፈለግነው ነው» አለና ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ውልቅ አለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ፈሪ ነው። መምህሯ ሻንጣውን ልትከፍት ስትል እናቷ ቀሟት።

«እንዳትነኪ! የራሱን ዕቃ ራሱ ይከፍታል።»

አልጋ ሥር ገፉት።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ከረጢቱ ዞሮ ሲያበቃ ተማሪዎቹ «ይፈታ! ይፈታ!» አሉ። እጇ እምቢ አላት። «ዛሬስ ሳይፈታ ይደር» አለች። ጥበቃው፣ «ሚስ፣ እንቅልፍ ልትነሺን ነው እንዴ?» ብሎ አሳቃቸው።

ቤት ስትገባ እናቷ ሻንጣውን ጭናቸው ላይ አድርገው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ነይ እስቲ፣ ያንቺ እጅ ለምዷል። ይቺ ጥጉ ላይ ያለችው ምንድን ናት?»

ዳሰሰች። ቀጭን ብረት፣ ጥርስ ያለው፣ ጫፉ ላይ የክር ቋጠሮ። ሌላ ሰው ከአንገቱ ካላወለቀው በቀር እዚህ ሊገኝ አይችልም። መጮህ አማራት።

«ሳንቲም ሊሆን ይችላል፣ እማዬ።»

እናቷ ቋጠሮውን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት።

«ይሆናል» አሉ። «ይሆናል፣ ልጄ። አንቺ ታውቂያለሽ።»

ሻንጣውን ወደ ቦታው መለሱ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡና፣ ልጃቸው ከጠፋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የበሩን መቀርቀሪያ ከውስጥ ዘጉት።